ጤፉን ከልክለን እንጀራውን በአውሮፕላን

«የአካባቢህን ምርት ግዛ» የሚለው ምክር ተወልዶ ባደገበት ለሚኖር ሰው ቀላል ነው። አሜሪካ ላለነው ሐበሾች ግን ግራ ያጋባል። ለእንጀራችን ጤፍ ስንገዛ አካባቢያችን የቱ ነው? አይዳሆ ወይስ አድአ?

አይዳሆ ውስጥ ጤፍ መዘራት ከጀመረ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ በየሐበሻ ሱቁ የአሜሪካ ጤፍ ዱቄት የተለመደ ነው። ይህን የሚገዛ ሰው አገሩን የካደ የሚመስላቸው አሉ። ኧረ ተዉ! የአይዳሆው ገበሬ የእኛን ገበሬ ከገበያ አላስወጣውም። በሩን የዘጋነው እኛው ነን።

እ.ኤ.አ. በ2006 የኢትዮጵያ መንግሥት የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለ። ምክንያቱ የከተማው ሰው እንጀራ እንዳይወደድበት ነበር። በኋላ ለሰፋፊ እርሻዎች በሩ ገርበብ ቢልም፣ በትንሽ ማሳ በበሬ የሚያርሰው ገበሬ ብዙም የደረሰው ነገር የለም። የተጋገረ እንጀራ ግን ይላካል። ለጋጋሪዎቹ ሥራ መሆኑ ደግ ነው። ነገር ግን እንጀራ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። በመርከብ ሊመጣ የሚችል ደረቅ እህል ከልክሎ ውሃ በአውሮፕላን መጫን ምን የሚሉት ስሌት ነው?

«ጤፉ ከወጣ ድሃው ምን ይበላል?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ግን እገዳው እያለም የጤፍ ዋጋ ሲወጣ እንጂ ሲረጋጋ አላየንም። ደግሞስ ርካሽ ጤፍ የሚመጣው ከማን ኪስ ነው? ጤፉን ለከተማ ሸጦ ራሱ በቆሎና ማሽላ የሚበላው ገበሬም ድሃ ነው። የከተማውን ድሃ መደጎም የመንግሥት ሥራ ነው፤ ዕዳውን ገበሬው ላይ መጣል ግን ፍትሕ አይደለም።

ጊዜውም አይጠብቀንም። የቦሊቪያና የፔሩ እህል የሆነው ኪንዋ ዋጋው እስከ 2014 ሰማይ ነክቶ ነበር። ከዚያ ሌሎች አገሮችም ዘሩት፤ ዋጋው ወደቀ። የእነሱ ገበሬዎች ቢያንስ ጥቂት ጥሩ ዓመታት አይተዋል። የእኛዎቹስ?

የሆላንዱ የጤፍ ፓተንት በሔግ ፍርድ ቤት ውድቅ መደረጉ በ2019 ሲሰማ ስንት ተደሰትን! ስሙን አስመለስን፤ ገበያውን ግን ረሳነው።

ስለዚህ የአይዳሆውን ጤፍ ያለ ጸጸት እንግዛ። መጠየቅ ያለብን መንግሥትን ነው። በየዓመቱ በተወሰነ ኮታ፣ በገበሬ ዩኒየኖች በኩል፣ አገር ቤት ተበጥሮና ታሽጎ የአነስተኛ ገበሬው ጤፍ ይውጣ። ምርቱ ሲጨምር ኮታውም ይጨምር። ያኔ ሱቅ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጡና እኛም መርጠን እንገዛለን። ዛሬ እኮ ምርጫው ራሱ የለንም።