መስቀሉን የሚሳለም ሠሪውንም ያክብር

አንገቴ ላይ ያለው የብር መስቀል ከአያቴ የወረስኩት ነው። ክንዶቹ በተጠላለፈ ሐረግ ተሞልተዋል፤ መስመሩ መነሻም መድረሻም ስለሌለው ብዙዎች የዘላለም ሕይወት ምልክት ይሉታል። የኬልት ሕዝቦች ጌጥም በዓለም የታወቀው በእንዲህ ያለ ጥልፍልፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ800 ገደማ የተዘጋጀው የኬልስ ወንጌል በዚሁ አሸብርቋል። የኬልቶችን ቅርስ የወረሱት አየርላንዳውያን ዛሬ በእጅ ሙያቸው ይኮራሉ። እኛስ?

የድሮ መስቀሎቻችን ብር በአብዛኛው የተገኘው ከጠገራ ብር ነው፦ 1780 የሚል ዓመት የታተመበት፣ 28 ግራም የሚመዝን የኦስትሪያ ገንዘብ። አንጥረኛው አቅልጦ፣ ቀጥቅጦ፣ በሞረድ አስተካክሎ ሐረጉን ይቀርጽበታል። በጎንደር አገር ከቀጥቃጮቹና ከአንጥረኞቹ መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩበት። ሰዉ የጥበበኞቹን ሥራ እየፈለገ እነሱን «ቡዳ» እያለ ሸሻቸው። ይህ ግፍ ነበር፤ ርዝራዡም ገና አልጠፋም። ልጅ የአባቱን ሙያ ለመውረስ የሚያፍረው ስለዚህ ነው።

የወረታና የፎገራ ወገኖቼ፣ ለክርስትና ልጆቻችን መስቀል ስንገዛ ከፋብሪካው ቅይጥ ይልቅ ለአንጥረኛው እንዘዝ፤ የድካሙን ዋጋ ሳንከራከር እንክፈል። የሙያ ማሠልጠኛዎቻችንም አንጥረኝነትን ከብየዳና ከእንጨት ሥራ እኩል ያስተምሩ።