ያለ ወሩ ስለሚመጣ የመንታ ምጥ

የይስሐቅ ሚስት ርብቃ መንታ ፀንሳ ልጆቹ በማኅፀኗ ውስጥ ሲገፋፉ በተሰማት ጊዜ ነገሩን በዝምታ አላሳለፈችውም፤ ምን እንደ ሆነ ልትጠይቅ ወደ እግዚአብሔር ሄደች። ታሪኩ በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 25 ይገኛል። መምህራን ይህን ክፍል ሲተረጕሙ ንግግራቸው የሚሰፋው በያዕቆብና በዔሳው ላይ ነው፤ እኛ ግን ዛሬ የምንይዘው የእናቲቱን መጠየቅ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በመገናኛ አካባቢ በሚኖሩ ባልና ሚስት ቤት የተነሣ ክርክር ነው። ሴቲቱ መንታ ፀንሳ ሳለች ሠላሳኛው ሳምንት ሳይሞላ ሆዷ በየጥቂት ደቂቃው ይጠነክር፥ ወገቧንም ያማት ጀመር። ሐኪሙ መርምሮ ምጥ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ምጡን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ መድኃኒት እንዲሰጣት አሳብ አቀረበ። በዚህ ጊዜ ዘመድ ለሁለት ተከፈለ። አማቷ፥ «ማኅፀንን የሚፈታ ቅዱስ ሩፋኤል ነው፤ የመጣን ምጥ በኪኒን ማሰር ምን ይሉታል? ልጆቹንስ ቢጎዳብን?» አሉ። ወንድሟ ደግሞ፥ «ሁለት ቀን ማቆየት ከቻለ ሁለት ወር እንዲያቆይ ለምን አይጨመርላትም?» አለ። ሁለቱም በፍቅር የተናገሩ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም መድኃኒቱ የሚሠራውን ሥራ አላወቁትም።

በቍጥሩ እንጀምር። የእርግዝና ዘመን 40 ሳምንት ያህል ሲሆን 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ልጅ ያለ ጊዜው እንደ ተወለደ ይቈጠራል። ከመንታ እርግዝናዎች ከግማሽ የሚበልጡት የሚገላገሉት ከዚህ ወሰን በፊት ነው፤ ለአንድ ልጅ የተሰናዳ ማኅፀን ሁለት ሲሸከም ያለ ጊዜው ይወጠራልና። እንግዲህ መንታ የፀነሰች እናት ያለ ወሩ የሚመጣ ምጥ ቢያጋጥማት ኀጢአት ሠርታ ወይም ከባድ ዕቃ አንሥታ ነው ብሎ ማሳቀቅ ተገቢ አይደለም።

ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቸገረው በመተንፈስ ነው። ሳንባ ከብዙ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች የተሠራ ነው፤ በእነዚህም ውስጥ ጐናቸው እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ስስ ቅባት አለ። ቅባቱ በበቂ መጠን የሚገኘው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ነው። ርጥብ ፌስታል ሁለት ገጹ ሲጣበቅ ለመክፈት እንዴት እንደሚያስቸግር ያየ ሰው፥ ቅባቱ ያልተሟላለት ጨቅላ በየትንፋሹ የሚታገለውን ትግል ሊገምት ይችላል።

በሀገራችንም ጉዳዩ በሚገባ ተመርምሯል። ዶክተር ሉሉ ሙሔና ባልደረቦቻቸው በጥቁር አንበሳ፥ በቅዱስ ጳውሎስ፥ በጋንዲ መታሰቢያ፥ በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ተከታትለው፥ ውጤቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 አሳትመዋል። ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከገቡት 3,852 ሕፃናት መካከል 1,109ኙ 28 ቀን ሳይሞላቸው ዐርፈዋል። ከእነዚህ 502ቱን የገደለው ይኸው የሳንባ አለመብሰል ነው፤ 331ዱ በልዩ ልዩ ኢንፌክሽን፥ 151ዱ ደግሞ በወሊድ ጊዜ በመታፈን አልፈዋል። እነዚህን ቍጥሮች እንደ ተራ ሒሳብ ማንበብ አይቻልም። ከሟቾቹ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው በአንድ ምክንያት መሞቱን ስናይ ግን ሐኪሞች ለሁለት ቀን እንዲህ የሚጨነቁት ለምን እንደ ሆነ ይገባናል።

የሳንባውን ቅባት ሳይወለዱ ለማፋጠን የሚቻልበት መንገድ የተገኘው በበጎች ነው። ሊጊንስ የተባለ የኒውዚላንድ ሐኪም ስለ ምጥ አጀማመር በእርጉዝ በጎች ላይ ሲመራመር፥ የስቴሮይድ መድኃኒት የተሰጣቸው ግልገሎች ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ሳለ ሲተነፍሱ ተመለከተ። ከዚያም ሃዊ ከተባለው ባልደረባው ጋር በእናቶች ላይ ሞክሮ ውጤቱን በ1972 አሳተመ። በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ መድኃኒቱን በባንግላዴሽ፥ በሕንድ፥ በኬንያ፥ በናይጄሪያና በፓኪስታን ሆስፒታሎች ፈትኖታል። ካልተሰጣቸው እናቶች ከተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 23.5 ሲሞቱ ከተሰጣቸው የሞቱት ከመቶ 19.6 ሆነዋል። መርፌው ዴክሳሜታዞን ይባላል፤ በተለመደው አሰጣጥ በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ ይወጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድም ለመንታም ልጅ ይፈቅደዋል፤ ነገር ግን ሳምንቱ በትክክል በታወቀበት፥ ጨቅላውን ለመንከባከብ በሚቻልበት ስፍራ ሲሆን ነው። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በሰፈር መርፌ ወጊ ማስወጋት እጅግ አደገኛ ነው።

አራቱ መርፌዎች በቅደም ተከተል ተሰጥተው ሥራቸውን እስኪያሟሉ ሁለት ቀን ያህል ይፈጃሉ። ምጥን የሚያቆየው መድኃኒት የሚያስፈልገውም ለእነዚህ ሁለት ቀናት ነው። መድኃኒቱ ብቻውን ሳንባ አያበስልም፥ ልጅም አያሳድግም፤ በሩን ይዞ እንደሚቆም ዘበኛ ነው። ዘበኛው በሩን ሲይዝ በውስጥ የሚሠራ ሰው ከሌለ መቆሙ ትርፍ የለውም።

በብዛት የሚሰጠው ኒፌዲፒን የተባለው ኪኒን ነው፤ ይኸውም የደም ግፊት ሕመምተኞች የሚያውቁት መድኃኒት ነው። የማኅፀን ጡንቻ ለመኮማተር ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ ኪኒኑ የካልሲየሙን መግቢያ ስለሚዘጋው መኮማተሩ ይላላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ምጥ ማቆያ መድኃኒቶችን አይደግፍም ነበር፤ በ2022 ግን አሳቡን አሻሽሎ፥ ከ24 እስከ 34 ሳምንት ባለው ጊዜ ለስቴሮይዱ ወይም እናቲቱን ወደ ሌላ ሆስፒታል ለማድረስ ጊዜ ለማግኘት ኒፌዲፒንን ተቀበለ። ሊቃውንቱ ክርክራቸውን አልጨረሱም። በ2025 የታተመ አንድ ጥናት አቶሲባን የተባለውን ሌላ ማቆያ ከ30 ሳምንት በኋላ ለደረሱ እናቶች ሰጥቶ፥ ከባዶ መድኃኒት ጋር ሲያነጻጽረው ሕፃናቱን ከሞትም ከብርቱ ሕመምም ይበልጥ እንዳላዳናቸው አሳይቷል። ስለዚህ «ሐኪሙ ያዘዘው ሁሉ ያድናል» ማለትም ትክክል አይደለም።

የመድኃኒቱ ክብደት ደግሞ በእናቲቱ ላይ ያርፋል። ራስ ያማል፥ ፊት ያግላል፥ የደም ግፊት ይወርዳል፥ ልብ ይፈጥናል። መንታ የፀነሰች ሴት ደሟ የበዛ፥ ልቧም ከሌላይቱ ይበልጥ የሚደክም ስለ ሆነ ውሃ ወደ ሳንባዋ ሊገባባት ይችላል፤ ትንፋሽ ካጠራት፥ ወይም ተጋድማ መተኛት ካቃታት ለነርሷ ወዲያው መናገር አለባት። መድኃኒቱ ጨርሶ የማይሰጥበት ጊዜም አለ። የሽርት ውሃው ተመርዞ ትኩሳት ካለ፥ የእንግዴ ልጁ ያለ ጊዜው ተላቆ ደም ከፈሰሰ፥ በእርግዝና ምክንያት የመጣ ብርቱ የደም ግፊት ካለ፥ ወይም ከልጆቹ አንዱ በጭንቅ ላይ ከሆነ ማኅፀኑ ለልጆቹ መጠጊያ መሆኑ ቀርቷልና መውለዱ ይሻላል። በመንታ ዘንድ ይህ ሚዛን ይከብዳል፤ አንዱ ሲጨነቅ ሌላው ደኅና ሊሆን ይችላልና። እዚህ ላይ ከሐኪሙ በቀር ማንም ፍርድ መስጠት አይችልም፤ ቤተ ሰቡ ግን ምክንያቱን የመጠየቅ መብት አለው።

አሁን ወደ ወንድሟ ጥያቄ እንመለስ። «ለምን ሁለት ወር አይሆንም?» የሚለውን ምኞት አሜሪካኖች አስቀድመው ሞክረውታል። ሪቶድሪን የተባለው መድኃኒት በ1980 በዚያች ሀገር ለዚህ ሥራ ተፈቅዶ ብዙ እናቶች ወስደውታል፤ ልብ በማፍጠኑና በሳንባ ውሃ በማስከተሉ ግን ዛሬ በዚያ አይሸጥም። ተርቡታሊን የተባለውም ለረጅም ጊዜ እንዳይሰጥ የሀገሪቱ መንግሥት በ2011 ብርቱ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ኒፌዲፒንም ለሳምንታት ቢዋጥ ልጆቹን እንደሚጠቅም አልተረጋገጠም። ሳምንታት በአልጋ ላይ መዋል እንኳ፥ ዘመድ ሁሉ የሚመክረው ቢሆንም፥ የመንታን ምጥ እንደሚያዘገይ አልታየም፤ ይልቁንም ደም በእግር ሥር እንዲረጋ ያደርጋል። ከባድ ሥራ መተው አንድ ነገር ነው፥ እንደ ሽባ መተኛት ሌላ ነው።

ለአማቲቱ የምንመልሰው በአክብሮት ነው፤ ፍርሃታቸው ከእምነት የመጣ ነውና። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን እንድናውቅ ያስተምረናል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ምጥን ሁለት ቀን ማቆየት ከፈጣሪ ጋር መታገል ከሆነ፥ በክረምት ለጨቅላ እሳት ማንደድም መታገል ሊባል ነው። ድርሳነ ሩፋኤሉ በአልጋዋ አጠገብ ይነበብ፤ ጠበሉም በጠርሙስ ወደ ሐኪም ቤት ሊሄድላት ይችላል። ምጥ የጀመራትን ሴት ወደ ጠበል ቦታ ወስዶ ማሳደር ግን እነዚያን ውድ ሰዓታት መብላት ነው። ስለ ጾሙም የንስሐ አባቷን ታማክር፤ በእንዲህ ያለ ጭንቀት ላይ ላለች እናት ቤተ ክርስቲያን ቀንበር አታከብድም።

የመገናኛዋን እናት ጉዳይ የወሰነው በመጨረሻ ቦታ ነው። መጀመሪያ የገባችበት ክሊኒክ ለጨቅላ ሕፃናት የተሰናዳ ክፍል አልነበረውም፤ ስለዚህ ኪኒኑና የመጀመሪያው መርፌ ተሰጥቷት፥ ሌሊቱ ሳይነጋ ክፍሉ ወዳለው ሆስፒታል ተዛወረች። መገናኛ እንደ ስሙ የመንገዶች መገናኛ ነው፤ ከኮተቤ፥ ከሲ.ኤም.ሲ.፥ ከቦሌና ከሃያ ሁለት የሚመጣው ሁሉ እዚያ ይጋጠማል። ሲመሽ ግን አደባባዩን ማለፍ ምን ያህል እንደሚፈጅ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። መንታ ያለበት ቤት የትኛው ሆስፒታል የጨቅላ ክፍል እንዳለው፥ በየትኛው መንገድ እንደሚደረስ አስቀድሞ ይወቅ። ልጆቹን ከተወለዱ በኋላ በመኪና ከማንከራተት በማኅፀን ሳሉ ማዛወር ይሻላል፤ ከእናት ማኅፀን የተሻለ ሙቀት ያለው መጓጓዣ የለምና።

ሌላው አስቀድሞ የሚሠራ ነገር ቀኑን መጻፍ ነው። እናቶቻችን የወር አበባቸውን የመጨረሻ ቀን በበዓል ያስታውሳሉ፤ «ከፍልሰታ መያዣ ወዲህ» ይላሉ። ይህ መልካም ማስታወሻ ነው፤ ሐኪሙ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ሲመነዝረው ስሕተት ሊገባ ይችላል። በ33 ሳምንትና በ35 ሳምንት መካከል ያለው ልዩነት መድኃኒቱ መሰጠቱን ወይም መቅረቱን የሚወስን ነው። ስለዚህ ቀኑ በሀገራችን አቆጣጠር ከነዓመቱ ይጻፍ፤ 24 ሳምንት ሳይሞላም አልትራሳውንድ ትነሣ። መንታዎቹ አንድ የእንግዴ ልጅ ይጋሩ እንደ ሆነና እንዳልሆነ የሚታወቀውም በዚሁ ጊዜ በደኅና ሲታይ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ልጆቹ አነስተኛ ሆነው የሚወለዱበት ጊዜ ብዙ ነው። ከወላጆች አንዳንዶቹ 40ና 80 ቀን ሳይደርስ ልጃችን ቢያርፍ ሳይጠመቅ ይቀራል ብለው ይጨነቃሉ። ሞት የሚያሰጋው ሕፃን ቀኑ ሳይደርስ እንዲጠመቅ ሥርዓታችን ይፈቅዳልና ካህኑን በጊዜ መጥራት ነው። እናቲቱ ገና አራስ ስለ ሆነች ይህ የአባትየው ተግባር ነው።

አባትየው ሌላም ሥራ አለው። ጨቅላን ልብሱን አውልቆ በወላጅ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ ማቀፍ በኮሎምቢያ ከተማ በቦጎታ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ እንክብካቤ ነው። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ ፈትነውት፥ በ2005 ባሳተሙት ጥናት፥ በዚህ መንገድ ቶሎ የታቀፉት ዝቅተኛ ክብደት ያላቸው ሕፃናት ከሌሎቹ ያነሰ ሞት እንደ ደረሰባቸው አሳይተዋል። መንታ ሲሆኑ እናቲቱ ሁለቱንም ቀኑን ሙሉ ልትይዝ አትችልም። ስለዚህ አባትየው ሸሚዙን ከፍቶ፥ አንደኛውን በደረቱ ላይ አስተኝቶ፥ በላዩ ጋቢ ይደርብበት፤ ትንሿ ራስ ቆብ ትልበስ፥ አፍንጫውም እንዳይሸፈን ይጠንቀቅ።