በረዶው ላይ ወንጀለኛ ፍለጋ

«ቀዝቃዛ ፊልም ነው» ይሉታል። የአቶም ኢጎያን «ዘ ስዊት ሂርአፍተር» በተነሣ ቁጥር ይህች ቃል አትቀርም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1997 በካን ፌስቲቫል ታላቁን የዳኞች ሽልማት ተቀብሏል፤ ኢጎያንንም በዳይሬክተርነትና በፊልም ድርሰት ለኦስካር አሳጭቶታል። ከሐያስያን የሚበዙት አወድሰውታል። የእኔ ጠብ ከቀሩት ጋር ነው፤ እውነቱን ለመናገር፣ ከአወዳሾቹም ከአንዳንዶቹ ጋር።

ሳም ዴንት በምትባል በተራሮች መካከል ያለች ትንሽ ከተማ፣ የተማሪዎች አውቶቡስ ከመንገድ ወጥቶ በረዶ የጋገረ ሐይቅ ላይ ይወድቃል። አባት ቢሊ አንሴል በመኪናው ከኋላ እየተከተለ ለሁለት ልጆቹ እጁን ያውለበልባል። አውቶቡሱ ተንሸራቶ ይቆማል፤ በረዶው ለጥቂት ቅጽበት ይሸከመዋል፤ ከዚያ ይከዳዋል። ካሜራው ሩቅ ነው። ሲሰምጥ ወደ ውስጥ አይወስደንም። «ቅዝቃዜ» ያሉት ይህንን ከሆነ፣ አባትየው የቆመው ስንት ክንድ ርቆ ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። ካሜራው የቆመው እርሱ በቆመበት ነው። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ያውቃል፤ ደረት የሚደቃው ሁልጊዜ የሟች እናት አይደለችም።

ሁለተኛው ክስ ይብሳል፦ «ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳይነግረን አለቀ።» እኮ! ሚቸል ስቲቨንስ የሚባለው ጠበቃ በየሐዘንተኛው ቤት እየዞረ የሚሰብከው ይህንኑ አይደለም? ድንገተኛ አደጋ ብሎ ነገር የለም፣ አንድ ቦታ አንድ ሰው ብሎን ቆጥቧል ባይ ነው። ይህን ክስ የጻፈ ሐያሲ የጠበቃውን ካፖርት ደርቦ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልብ አላለም።

ደግሞ «የመጽናናት ፊልም» የሚሉት አሉ። ማን ተጽናና? ከአደጋው ተርፋ በተሽከርካሪ ወንበር የቀረችው ኒኮል፣ ሾፌሯ ዶሎሬስ በሰዓት 72 ማይል ትነዳ ነበር ብላ በሐሰት ትመሰክራለች። ክሱ ይፈርሳል፤ የደፈራት አባቷም የጠበቀው ገንዘብ ይቀርበታል። ይህ ቅጣት ነው፤ የከፈለችው ደግሞ ምንም ያላጠፋች ሴት ናት።

በአንድ ነገር እሸነፋለሁ። የብራውኒንግ የዋሽንት ነፊው ግጥም ራስል ባንክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ልቦለድ ውስጥ የለም፤ ኢጎያን ነው ያስገባው። በዝቷል የሚሉት አልተሳሳቱም፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ታክቶኛል። ሆኖም በምስክርነቱ ሰዓት ኢጎያን የራሱን ስንኞች ሲጨምርበትና ልጅቱ አባቷን ስታየው፣ ቅሬታዬን ዋጥሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጠበቃው አየር ማረፊያ ላይ ዶሎሬስን ያያታል። አሁንም ሾፌር ናት፤ መንገደኛ ታመላልሳለች። ይተያያሉ፤ ቃል አይለዋወጡም።