ላም አለኝ በሰማይ

አምባሰል ውስጥ ያለችው ውጫሌ በአንድ ነገር ትታወቃለች። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነገር ይል ነበር። በአማርኛው ምኒልክ ከፈለጉ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መጻጻፍ ይችላሉ። በጣሊያንኛው ግን ይገደዳሉ። የዚያ ልዩነት ሒሳብ ዓድዋ ላይ ተወራረደ።

ዛሬም ሁለት ትርጉም ያለው አንድ ቃል አለን፤ «የእኛ አየር መንገድ»። ሽልማት ሲመጣ የእኛ ነው። የአገር ውስጥ በረራው ዋጋና ፕሮግራም ሲጠየቅ ግን «እሱ ንግድ ድርጅት ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ወገን፣ አንዱን እንምረጥ።

በቅድሚያ የሚገባውን ክብር እንስጠው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ። በዚያው ዓመት መጋቢት 30 የመጀመሪያው አውሮፕላኑ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። ያኔ የሚያስተዳድሩት የአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ሰዎች ነበሩ። ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ እስኪሆኑ ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል። ደርግ አገሩን ሁሉ ወደ ሶቪየት ሲያዞር እንኳ አየር መንገዱ የቦይንግ ደንበኛ ሆኖ ዘልቋል። በ2017 በጀት ዓመት 19 ሚሊዮን ገደማ መንገደኛ አጓጉዞ 7.6 ቢሊዮን ዶላር ገቢ አስገባ። ይህን ማጣጣል ምቀኝነት ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። ከሐይቅ የተነሳ በሽተኛ ደሴ ላይ ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ተጻፈለት እንበል። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ በአውቶቡስ ይሄዳል። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ተኩስ አለ ከተባለ ግን የቀረው በር አንድ ነው፤ የኮምቦልቻ ኤርፖርት። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ ያ በርም ተዘጋ። አውሮፕላን ለወሎ ሰው ቅንጦት አለመሆኑን ያኔ ተምረናል።

ይህን በር የያዘው ማን ነው? አውሮፕላኑ የእሱ ነው። የኤርፖርቶች ድርጅት ከተዋሃደው ወዲህ ኤርፖርቱም የእሱ ነው። በአገር ውስጥ ሰማይ የሚገዳደረው ተፎካካሪ የለም። ገበያው በውድድር የማይቀጣው ድርጅት ለሕዝብ ካልተጠየቀ ለማን ይጠየቃል? በዚያ ላይ ወደ ጅዳና ወደ ቤይሩት ትኬት ከሚቆርጡት መካከል ከተሁለደሬ፣ ከወረባቦና ከአምባሰል ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ልጆቻችን አሉበት። ደንበኛም ባለቤትም ነን።

«የአገር ውስጥ በረራ አያዋጣም» የሚሉ አሉ። ይሁን፤ ሒሳቡ ለብቻው ወጥቶ እንየው። የማያዋጣ ከሆነ መንግሥት ይደጉም። አሜሪካ እንኳ፣ የገበያ አገር የምትባለው፣ የአየር መንገድ ገበያዋን በ1978 እ.ኤ.አ. ስትለቅ ትንንሽ ከተሞች ከሰማይ እንዳይቆረጡ ለአየር መንገዶች የምትከፍልበት ፕሮግራም አቁማለች። ኪሳራው በይፋ ሳይታወቅ «አያዋጣም» ማለት ግን መልስ አይደለም፤ በር መዝጋት ነው።

«ፖለቲካ ከገባበት ይሞታል» የሚሉም አሉ። እውነታቸውን ነው። ሹመኛ ዘመዱን ያስቀጥር፣ ካድሬ አውሮፕላን ይምረጥ ያለ የለም። እጅ ማስገባትና መጠየቅ ይለያያሉ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰው ያለቀበት አውሮፕላን ሲወድቅ ጣት ወደ አብራሪዎቻችን የቀሰሩ ነበሩ። አየር መንገዱ ዝም አላለም፤ አምራቹ መልስ ይስጥ አለ። ቦይንግን መጠየቅ ቦይንግን መጥላት አልነበረም። የእኛም ጥያቄ እንደዚያው ነው።

የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የአገር ውስጥ በረራ ገቢና ወጪ ለብቻው በየዓመቱ ለፓርላማ ይቅረብ፤ ለሕዝብም ይታተም።

ሁለተኛ፣ ሪፈር ለያዘ በሽተኛና ለአስታማሚው በየበረራው የተወሰነ ወንበር በቁርጥ ዋጋ ይያዝ። ከውጭ በራሱ በረራ ለሚመጣ ቱሪስት የአገር ውስጥ ትኬት ሲቀንስ የኖረ ድርጅት ቅናሽ እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል።

ሦስተኛ፣ በረራ ሲሰረዝ ምክንያቱ በጊዜ ይነገር፤ መንገደኛው ምን እንደሚገባው በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ትኬት ቢሮው ላይ ይለጠፍ።

ይህ አየር መንገዱን አይጥለውም። ቢሾፍቱ ላይ በቢሊዮኖች ዶላር አዲስ ኤርፖርት ለሚያቅድ ድርጅት በአንድ በረራ ጥቂት ወንበር ከባድ አይደለም። ከባዱ «የእኛ» የሚለውን ቃል በሁለቱም ወገን በአንድ ትርጉም ማንበብ ነው። እስከዚያው ድረስ የወሎ ሰው ቀና ብሎ ሲያያት የአባቶቹን ተረት ይተርታል፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።