ስለ ኳስ ፍቅርና ስለ ተዘነጉት ጨዋታዎቻችን

ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ስለ ልጆች የጥናት ሰዓት ጽፈን ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ስለ ጨዋታቸው ሰዓት ልንናገር አስበናል። ጨዋታ ለልጅ ሰውነት እንደ እንጀራ የሚያስፈልግ ነው እንጂ የሥራ ፈት ነገር አይደለምና፥ አባትና እናት ሊያስቡበት ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅትም ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በየቀኑ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነቱን በመካከለኛ ወይም በብርቱ ኃይል ያንቀሳቅስ ዘንድ መክሯል። ነገር ግን ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን ጥፋት እንናገራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደብረ ማርቆስ ከተማ፥ ልጃችን በትምህርት ቤቷ የሩጫ ውድድር ስለ ነበራት መጥተን እንድናያት ለመነችን፤ እኛም እሺ አልናት። ቀኑ ቅዳሜ ስለ ነበረ ችሎት አልነበረም፤ የሚከለክለን ሥራም አልነበረብንም። ወደ ሜዳው ስንሄድ ግን በመንገዳችን ላይ ያለ አንድ ቡና ቤት በሰው ተጨናንቆ፥ የእንግሊዝ አገር የእግር ኳስ ግጥሚያ በቴሌቪዥን ይታይ ነበርና፥ ጥቂት አይተን እንሄዳለን ብለን ገባን። ገብተንም ዘጠናውን ደቂቃ ሁሉ ፈጸምነው። ከዚያ ወዲያ ተቻኵለን ብንደርስ ሩጫው ካለቀ ቈይቶ ነበር፤ መምህራኑም የመስመሩን ገመድ ይጠቀልሉ ነበር። ልጃችንን ከሴት አያቷ ጋራ በሜዳው ዳር ተቀምጣ አገኘናት። አንደኛ መውጣቷን የሚመሰክር ወረቀት በእጇ ይዛ ሳለች፥ ስለ ወረቀቱ አንዳች ሳትናገር ቀና ብላ አየችንና፥ «አባዬ፥ ስንት ለስንት ወጡ?» ብላ ጠየቀችን።

የት እንደ ቈየን የነገራት ሰው አልነበረም። እኛም ሌላ የምንመልሰው ቃል ስላጣን የግጥሚያውን ውጤት ነገርናት። ወደ ቤት ስንመለስ ግን አያቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «መስመሩን ካለፈች በኋላ ዞር ዞር እያለች ሰው ስትፈልግ ነበር» አሉን። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ድረስ ከልባችን አልወጣም። ይህንንም ጽሑፍ ያጻፈን እርሱ ነው።

ይህ ጥፋት የእኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጋዜጣ ባላወጣነው። ነገር ግን ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ በከተማችን ጐዳና የሚሄድ ሰው፥ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሁሉ ወጣቱም ሽማግሌውም ተፋፍጎ ሲጮኽ ይሰማል። ልጆቻችን የአርሴናልንና የማንቸስተር ዩናይትድን ተጫዋቾች ስም ከነማልያ ቍጥራቸው እንደ ዳዊት በቃላቸው ይዘዋል። ከዚህም የሚብሰው በኳሱ ላይ የሚደረገው ውርርድ ነው። በፍርድ ቤት የምንጽፈውን የባለጉዳይ ምስጢር እንገልጥ ዘንድ ሥራችን አይፈቅድልንም፤ ይሁን እንጂ ደመወዙ ለቤቱ አልደረሰም የሚል የሚስት አቤቱታ ሲነበብ፥ ከሥሩ የኳስ ውርርድ የተገኘበትን ጊዜ አይተናል ብንል ምስጢር ማውጣት አይሆንብንም።

ይህን ስንል እግር ኳስን እንደ ጠላን የሚቈጥረን አይኑር። እኛ ራሳችን በቄስ ትምህርት ቤት ሳለን ገናን፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ኳስን ተምረን ሁለቱንም ወደን ያደግን ነን። ኢትዮጵያም በኳስ ስሟ የተጠራ አገር ናት። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር ሲጀመር ከግብጽና ከሱዳን ጋራ ሆና ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች፤ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወስዳለች። አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካን የእግር ኳስ ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ይህ ሁሉ ክብር የተገኘው ግን በመጫወትና በማጫወት ነው እንጂ በማየት አይደለም። ዛሬ የማየቱ ፍቅር ከዚያ ዘመን ይልቅ እጅግ በዝቶ ሳለ፥ ብሔራዊ ቡድናችን ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ 31 ዓመት ፈጅቶበታል። ስለዚህ የሩቁን ኳስ ማፍቀር የቅርቡን ኳስ እንኳ አላሳደገውም ማለት ነው።

ኳስ እንኳ እንዲህ ከሆነ፥ የሌሎቹ ጨዋታዎች ነገር ምን ይባል? አስቀድመን ሩጫን እንይ። አገራችን በኦሊምፒክ እስከ ዛሬ ያገኘችው ሜዳይ ሁሉ፥ አንድም ሳይቀር፥ የተገኘው በአትሌቲክስ ነው። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በሮም ከተማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ አሸነፈ፤ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደገመው። ከእርሱ በኋላ ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ፥ ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ድል አደረጉ። በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ፥ ከጥቍር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዪቱ ሆነች። በቅርቡም በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ታምራት ቶላ የማራቶንን ወርቅ ይዞ ተመልሷል። ጎጃምም ከዚህ ክብር ድርሻ አላት፤ በጎጃም የተወለደችው ውዴ አያሌው በ2001 ዓ.ም. በበርሊን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር ሦስተኛ ወጥታለች። ነገር ግን የአርሴናልን ተከላካዮች በቃሉ የሚጠራ የጎጃም ልጅ ሁሉ የእርሷን ስም ያውቅ ይሆን? እኛ ሯጮቻችንን የምናስባቸው በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ነው፤ ሜዳይ ካመጡ እናጨበጭባለን፤ ካላመጡ እንቈጣለን፤ በመካከሉ ሲለማመዱ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም።

አንዳንድ ሰው፥ ሩጫ የደጋ ሰው ተፈጥሮ ነውና ሳይደከምበት ይመጣል ይል ይሆናል። ደጋነት ብቻ የሚበቃ ቢሆን ኖሮ፥ የጮቄን ተራራ ተንተርሳ የምትኖረው አገራችን ጎጃም በሯጭ ብዛት ከማንም ባላነሰች። በአርሲ የምትገኘው ትንሺቱ የቦቆጂ ከተማ ደራርቱ ቱሉን፥ ፋጡማ ሮባን፥ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው በአየሯ ብቻ አይደለም። ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የሰውነት ማጐልመሻ መምህር በዚያች ከተማ ሜዳ ላይ ቆመው፥ ማን እንደ ፈጠነ፥ ማን እንደ ደከመ፥ ማን ዛሬ እንደ ቀረ ልጆቹን በዓይናቸው ይከታተሉ ስለ ነበረ ነው። ልጅ የሚያየው ሰው ሲያገኝ ይሮጣል፤ የሚያየው ሲያጣ ደግሞ ሌሎች ወደሚያዩት ነገር ይሄዳል። የነገሩ ሁሉ ሥር ይህ ይመስለናል።

አሁን ደግሞ ወደ አባቶቻችን ጨዋታ እንመለስ። በታኅሣሥ ወር አዝመራው ተሰብስቦ ሜዳው ሲሰፋ፥ ሰው በሁለት ወገን ተከፍሎ ጫፉ በጐበጠ ዱላ ሩርን እየመታ ገናን ይጫወት ነበር። በገና ጨዋታ አይቈጡም ጌታ እንደ ተባለ፥ ሎሌና ጌታ በአንድ ሜዳ ላይ ያለ ማዕርግ ይጋፉ ነበርና፥ ጨዋታው ለሰውነት ብርታትን፥ ለባላገርና ለመኰንን ደግሞ መተዋወቅን ይሰጥ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ሰፈር በገና በዓል ቀን እንኳ ዱላውን ይዞ የሚወጣ አይታይም፤ በዓሉ ስሙን ያካፈለው ጨዋታ ከበዓሉ ሊለይ ነው።

ጉግስም እንዲሁ ነው። አባቶቻችን ፈረስን እስከዚህ ያከብሩ ስለ ነበረ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀም አባ ኮስትር ተብለዋል። ከታላላቅ ቤት የተወለዳችሁ አንባቢዎቻችን የአያቶቻችሁን የፈረስ ስም በኵራት ትናገራላችሁ፤ ነገር ግን ከልጆቻችሁ መካከል ኮርቻ የሚጭን ስንት ይገኛል? በዚህ ነገር ጎረቤቶቻችን አገዎች ሊመሰገኑ ይገባል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ አባላት አሉት፤ በጥር 23 ቀን በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል በእንጅባራ ፈረሶቹ አጊጠው ሲወጡ፥ አባት ከልጁ ጋራ ጐን ለጐን ይጋልባል። እነርሱ ኳስ ማየትን አልተዉም፤ ለፈረሳቸው ግን ቀንና ሜዳ ቈርጠው፥ ማኅበር አቁመው ጠበቁት።

ያልተጠበቀ ጨዋታ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ወደ ህንድ አገር መመልከት ይጠቅማል። ከእኛ ገና ጋራ በጣም የሚመሳሰል፥ በጐባጣ ዱላ የሚጫወቱት ሆኪ የሚባል ጨዋታ አለ። ህንዶች በዚህ ጨዋታ ከ1920 ዓ.ም. እስከ 1949 ዓ.ም. ድረስ በተደረጉት ኦሊምፒኮች በተከታታይ ስድስት ጊዜ ወርቅ አግኝተዋል፤ ስምንተኛውንና የመጨረሻውን ወርቅ ምሩጽ ባሸነፈበት በሞስኮ ወሰዱ። በ1975 ዓ.ም. ግን ክሪኬት በሚባለው ሌላ ጨዋታ የዓለምን ዋንጫ ባገኙ ጊዜ፥ የሕዝቡ ልብና የነጋዴው ገንዘብ ሁሉ ወደዚያው አዘነበለ። እርግጥ ሆኪ ከሣር ሜዳ ወደ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ መዛወሩም ጐድቷቸዋል፤ ምንጣፉ ውድ ነበርና። ነገር ግን ለክሪኬት የወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለዚያ ቢውል ኖሮ ይህን ያህል ባልራቁ ነበር። ከሞስኮ በኋላ በሆኪ ሜዳይ ሳያገኙ 41 ዓመት ኖረው፥ በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ነሐሱን አገኙ። እነርሱ ቢያንስ ለሌላ የራሳቸው ቡድን ሲሉ ዘነጉት፤ እኛ ግን የምንዘነጋው ለሰው አገር ቡድን ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ኳስ ማየት ይቅር አንልም፤ ብንልም የሚሰማን የለም። የምንለምነው ጥቂት ነገር ነው። አባት ሆይ፥ ከሁለቱ የዕረፍት ቀኖች አንዲት ሰዓት ለልጅህ ሜዳ ስጥ፤ ሩጫም ይሁን ዝላይ፥ ትግልም ይሁን ኳስ፥ ቆመህ እየው። እናት ሆይ፥ ወንዱ ሲጫወት ሴቲቱን ለውሃ አትላኪያት፤ ደራርቱም ጥሩነሽም የሰው ሴት ልጆች ናቸው። አያቶች በታኅሣሥ ወር ለልጅ ልጆቻቸው አንድ አንድ የገና ዱላ ይቍረጡላቸው። የሥልጣን ባለቤት የሆናችሁም፥ የከተማ ፕላን ሲነሣ የትምህርት ቤት ሜዳ ለቤት መሥሪያ እንዳይታደል ጠብቁ፤ የሰውነት ማጐልመሻው ክፍለ ጊዜ ለሌላ ትምህርት እንዳይወሰድ እዘዙ፤ ለኳስ ዋንጫ ስታዘጋጁም ለሩጫው፥ ለገናውና ለፈረሱ እንደዚሁ ሽልማት ቍረጡ። ይህ ከንቱ ነገር ነው የሚል ቢኖር፥ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የሃይማኖትን ተጋድሎ በሯጮች መስሎ እንደ ተናገረ ያስታውስ።

እኛም በበኩላችን ጥፋታችንን ለማቃናት ሞክረናል። ከዚያ በኋላ በመጣው ውድድር ሩጫው ሳይጀመር ደርሰን፥ ከአያቷ ጋራ በመስመሩ ዳር ቆመን ጠበቅን። ልጃችን በዚያ ቀን አንደኛ አልሆነችም፤ ሦስተኛ ወጣች። መስመሩን ካለፈች በኋላ ዞር ብላ ስታየን ግን፥ ትንፋሿ ሳይመለስ ወደ እኛ መጣችና የሩጫውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታወራን ጀመር። ወደ ቤት እስክንደርስ ድረስ ወሬዋ አላለቀም። የዚያን ቀን ኳሱ ስንት ለስንት እንደ ወጣ በማግሥቱ ከጸሓፊ ባልደረባችን ሰማን።

ለሚመጣው የገና በዓል የሁላችንንም ልጆች በጤናና በሰላም በሜዳ ላይ ያገናኝልን።