ላሽ በሽታ ነው፤ ሕጉም እንደ በሽታ ሊያየው ይገባል

በቶርንተን የምትኖር አንዲት እናት ልጇን ስታበጥር የሳንቲም ስፋት ያለው ልሙጥ መላጣ ብታገኝ መጀመሪያ የምትጠረጥረው ቆረቆርን ነው። ቆረቆር በፈንገስ የሚመጣና ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሲሆን፣ ሐኪሞች አሎፔሺያ አሬታ የሚሉት ላሽ ግን አይተላለፍም። ላሽ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የገዛ አካሉን የጸጉር ሥር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ የሚከሰት ሕመም ነው። ከመቶ ሰዎች ሁለቱን ያህል በሕይወት ዘመናቸው ያጋጥማቸዋል። ትንንሽ ላሾች ብዙ ጊዜ በራሳቸው ወይም በስቴሮይድ መርፌ ይሞላሉ፤ በአንዳንዶች ላይ ግን ሕመሙ የራስ ጸጉርን፣ ቅንድብንና ሽፋሽፍትን ጨርሶ ያራግፋል።

ለከባዱ ደረጃ ዛሬ መድኃኒት አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2022 ባሪሲቲኒብን ለአዋቂዎች፣ በ2023 ሪትለሲቲኒብን ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ታካሚዎች፣ በ2024 ደግሞ ዴውሩክሶሊቲኒብን ለአዋቂዎች ፈቅዷል።

ሕጉ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የፌዴራል ድንጋጌ ግዛቶች ለውበትና ለጸጉር ማብቀያ የሚውሉ መድኃኒቶችን ከሜዲኬድ ሽፋን እንዲያስወጡ ይፈቅዳል። ድንጋጌው ሲጻፍ ለላሽ የተፈቀደ እንክብል አልነበረም። ሆኖም የሚለው «ማስወጣት ይቻላል» እንጂ «ማስወጣት ግዴታ ነው» አይደለም። ስለዚህ ምርጫው የግዛቱ ነው፤ የኮሎራዶ ምክር ቤትም ሽፋኑን በግልጽ ሕግ ማረጋገጥ ይችላል።

መድኃኒቶቹ ውድ ናቸው፣ አደጋም አላቸው የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው። ከከባድ ኢንፌክሽን፣ ከካንሰር፣ ከልብ ሕመምና ከደም መርጋት ጋር የተያያዘ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል። መልሱ ግን ጥንቃቄ ነው እንጂ ክልከላ አይደለም፦ ሽፋኑን ከባድ ሕመም ላለባቸው መስጠት፣ ሕክምናውንም በሐኪም ክትትል ሥር ማድረግ። ከመጀመሩ በፊት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ይህ በሽታው ከተስፋፋባት ኢትዮጵያ ለመጡ ቤተሰቦች ልዩ ትርጉም አለው። አስተርጓሚ ከሌለ ማስጠንቀቂያው ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

መድኃኒቱ የማይሠራላቸው ወይም የማይስማማቸውም አሉ። የሚኒሶታ ሕግ የጤና መድን ድርጅቶች በላሽ ጸጉራቸውን ላጡ ሰዎች የዊግ ወጪ እንዲሸፍኑ ያዛል። በኮንግረስም ራሳቸው በዚህ ሕመም ጸጉራቸውን ያጡት የማሳቹሴትስ ተወካይ አያና ፕሬስሊ ሜዲኬር ዊግ እንዲሸፍን የሚጠይቅ ረቂቅ አቅርበዋል።

ከኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው፦ ከባድ ላሽ በሜዲኬድም ሆነ በግል መድን በሽታ ተብሎ እንዲሸፈን፣ በሐኪም የታዘዘ ዊግ እንዲካተት፣ መረጃውም በዴንቨር፣ በአውሮራና በቶርንተን ክሊኒኮች በአማርኛ እንዲቀርብ። አንድ ልጅ በማይተላለፍ ሕመም ከትምህርት ቤት የሚቀርበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።