በአንድ ወረቀት የሚፈተኑ፣ በአንድ ማዕድ ያላደጉ

በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ገብር ኄር ብላ በሰየመችው ዕለት፣ የመክሊቱ ምሳሌ ይነበባል፤ ጌታው ለአንዱ አገልጋይ አምስት፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ ለሦስተኛው አንድ መክሊት ሰጥቶ ወደ ሩቅ አገር ከሄደ በኋላ ሲመለስ፣ ነግደው ያተረፉትን አመስግኖ በብዙ ሾማቸው፣ መሬት ቆፍሮ የቀበረውን ግን ገሥጾ ያችኑ አንዲቱን ነጠቀው። ያው ወንጌላዊ ማቴዎስ፣ ከዚህ ምሳሌ አምስት ምዕራፍ አስቀድሞ ስለ ወይኑ ቦታ ባለቤት በጻፈበት ክፍል ደግሞ፣ ከማለዳ ጀምሮ የቀኑን ሐሩር ተሸክሞ የዋለውና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የመጣው ሠራተኛ እኩል ደመወዝ እንደ ተቀበሉ፣ ቀድሞ የመጣው ቢያጉረመርምም ባለቤቱ ፍርዱን እንዳልለወጠ ይነግረናል። ምሥጢራቸውን መተርጐም የሊቃውንቱ ፈንታ ነው፤ ለእኔ የሚያስደንቀኝ ትጋትን የሚመዝነው ውድድርና ሰውን በሰውነቱ ብቻ የሚያከብረው ዕሪና በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ጐን ለጐን ተቀምጠው፣ አንዱ ሁለተኛውን ሳይሽር መኖራቸው ነው። በዘመናችን ኅብረተሰብ ግን ሁለቱ እንደ ባላንጣ ይተያያሉ፤ ጠባቸውም ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው ልጆቻችን በሚቀመጡበት የፈተና አዳራሽ ነው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ሲወሰን፣ የውሳኔው ዋና ምክንያት ኩረጃውና የፈተናው አስቀድሞ መውጣት እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ፈተናው በይፋ ወጥቶ እስከ መሰረዝ መድረሱን የማያስታውስ ወላጅ የለም። በሩ ጥብቅ በሆነበት በዚያ የመጀመሪያ ዓመት፣ ወደ 900 ሺሕ ከሚጠጉ ተፈታኞች መካከል ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በ2015 ዓ.ም. ቍጥሩ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ተማሪ ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች መካከል 1,328ቱ አንድም ልጅ አላሳለፉም። አንድ ልጅ ሲወድቅ ስንፍናው ነው ሊባል ይችላል፤ አንድ ሺሕ ሦስት መቶ ትምህርት ቤት ከነሙሉ ተማሪው ሲወድቅ ግን፣ ስንፍና የሚለው ቃል ነገሩን ሊሸከመው አይችልም።

ይህ ውጤት በተነገረ ቍጥር ሁለት ወገኖች ይነሣሉ። አንደኛው ወገን፣ ፈተናው ጨካኝ ነውና የማለፊያው ነጥብ ዝቅ ይበል፣ የተጐዳ አካባቢ ልጅ በልዩ አስተያየት ይለፍ ይላል፤ ግማሽ ነጥብ ላላገኙት የተከፈተው የአቅም ማሻሻያ (ሪሜዲያል) ትምህርትም የዚህ ሐሳብ ግማሽ መንገድ ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ወረቀቱ ለሁሉም አንድ፣ ሰዓቱ ለሁሉም አንድ ከሆነ በኋላ ምን ፍትሕ ቀረ ብሎ ይጠይቃል። ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ከመጀመሪያው ጋር የማልስማማው ለድሃው ልጅ ስለማላዝን አይደለም፤ ስለማዝንለት ነው እንጂ። ከሁለተኛው ጋር የማልስማማው ደግሞ፣ እሑድ ወደ ማታ በደብረ ብርሃን መናኸሪያ የቆመ ሰው የሚያየውን ነገር ስላየሁ ነው።

በዚያ ሰዓት ከገጠር ወረዳዎች የሚመጡት ልጆች ከመኪና ይወርዳሉ። በማዳበሪያ ከረጢት የያዙት የሳምንት ስንቃቸው ነው፤ እናት ቅዳሜ ሌሊት ስትጋግር ያደረችው እንጀራ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ከሁሉም በላይ ማገዶ የማይጠይቀው በሶ። ሦስት አራት ሆነው ወደ ተከራዩአት አንዲት ክፍል ይሄዳሉ፤ እስከ ሐሙስ እንጀራው ይሻግታል፣ ዓርብን የሚያሻግራቸው በሶው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ሲገባ ብዕር የያዘው ጣት ይደነዝዛል። ከወንድሟ ጋር የተከራየች ልጅ ስትሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ እርሱ ደብተሩን ሲገልጥ እርሷ ውኃ ቀድታ ወጥ ትሠራለች፣ እርሱ ሲተኛ እርሷ ማጥናት ትጀምራለች። በአንኮበርም እንዲሁ ነው፤ ከአልዩ አምባ በኩል ካለው ቆላ ዳገቱን ወጥቶ ከወረዳው ከተማ ከጎረቤላ የሚደርስ ልጅ፣ ደብተሩን ከመክፈቱ በፊት የቀኑን ጉልበት ግማሽ በገደሉ ላይ አፍስሷል። በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ከተማ፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚበላና ከትምህርት ሰዓት በኋላ አስጠኚ ቤቱ ድረስ የሚመጣለት ልጅ አለ፤ እርሱንም አልወቅሰውም፣ ወላጆቹ ያደረጉለት ማንም ወላጅ ቢችል የሚያደርገውን ነው። ሁለቱ ልጆች ግን በዓመቱ መጨረሻ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው አንድ ወረቀት ይሰጣቸዋል።

በዚህ ላይ ያለፉት ዓመታት መከራ ሲጨመር ሚዛኑ ፈጽሞ ይዛባል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል የከተማዪቱ ልጆች ከደብተራቸው ጋር ቤታቸውንም አጡ፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የሰሜን ሸዋ ትምህርት ቤቶች ደጃፋቸውን ዘጉ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት በብዙ ወረዳዎች የትምህርት ቤት ደወል ድምፁ ጠፍቷል። ከወለጋ ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን ቻይና ካምፕና በባቄሎ መጠለያዎች የሚያድጉት ልጆች፣ የፊደል ገበታ ከማየታቸው በፊት የእርዳታ ስንዴ ሰልፍ አይተዋል። ለእነዚህ ሁሉ፣ ሰዓቱ አንድ ነው፣ ወረቀቱ አንድ ነው ብሎ መናገር እውነት ቢሆንም፣ የእውነቱ ግማሽ ነው።

ታዲያ የፈተናው በር ይስፋ ለምን አልልም? ምክንያቱም ይህ በር ከመከፈቱ አስቀድሞ የነበረውን መግቢያ አገራችን ታውቀዋለች። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ሆነ በኋላ በንጉሥ ምኒልክ ጊዜ፣ ሹመትና ርስት የሚገኘው በትውልድ፣ በጦር ሜዳ ወይም በደጅ ጥናት ነበር፤ ደጅ ጥናት ማለትም አንድ ሰው ዕድሜውን በጌታ በር ቆሞ፣ የጌታው ዓይን እስኪያርፍበት ድረስ መኖር ነው። ዓይን ያረፈበት ይነሣል፣ ያላረፈበት ሽማግሌ ሆኖ ይመለሳል። ዘመናዊ ትምህርት ይህን ሥርዐት ወዲያው አላፈረሰውም፤ ከቡልጋ ካህናት ቤተሰብ የተገኙት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ ከመሳፍንት ሳይወለዱ በትምህርታቸው ጐልተው ከ1953 እስከ 1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን በቅተዋል፤ ነገር ግን ለእርሳቸውም ቢሆን የመጨረሻው ቍልፍ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ነበር። የአባቱን ስም፣ የአገሩን ወንዝ፣ የአማላጁን መዓርግ ሳይጠይቅ ልጁን በቍጥር ብቻ የሚያውቀው የመጀመሪያው በር፣ ማንነቱን በማያውቅ እጅ የሚታረመው ይህ ፈተና ነው። እርሱ የላላ ዕለት የሚተካው ዕሪና አይሆንም፤ «ሰው አለህ ወይ?» የሚለው የጥንቱ ጥያቄ ነው የሚመለሰው፤ ለዚህ ጥያቄ ደግሞ የጎረቤላው ልጅ መልስ የለውም። በኩረጃው ዘመን ፈተናውን በገንዘብ የሚገዛው ማን እንደ ነበረ ብናስብ፣ ጥብቅነት የድሃ ወዳጅ መሆኑ ይገባናል።

በአንጻሩ፣ አባቶቻችን ውድድሩን ሳያላሉ መነሻውን እኩል ያደረጉበት አንድ ቤት ነበራቸው፤ እርሱም የቅኔ ቤት ነው። ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ጎጃም፣ ወደ ዋሸራ የሚሻገረው የቆሎ ተማሪ፣ የባላባት ልጅም ቢሆን የጭሰኛ፣ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቍራሽ ይለምናል፤ በአንድ ዓይነት ጎጆ ያድራል፣ ውሻም ያባርረዋል። በኑሮው እንዲህ ዕሩይ ከሆነ በኋላ ግን፣ በየኔታ ፊት ሲቆም ምሕረት የለም፤ የቅኔው መጀመሪያ የሆነው ጉባኤ ቃና ያልሞላለት ወደሚቀጥለው ወደ ዘአምላኪየ አይሻገርም፣ መወድስ የሚያደርሰው ሌሊቱን በቈጠራ ያነጋው ነው፣ የአባቱ ርስትም የጐደለውን ቤት አይሞላለትም። እኛ ዛሬ ያደረግነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ኑሮውን እጅግ አራርቀን ትተነው፣ ልዩነቱ በፈተናው ቀን ሲታየን ሚዛኑን እንከሳለን። ይህን ስል የጥንቱን ዘመን እንከን የለሽ አድርጌ መሣሌ አይደለም። ያ ቅኔ ቤት ለሴት ልጅ ደጁ ጠባብ ነበር፣ ጥቂት ሴቶች ከሊቅነት ቢደርሱም እንኳ፤ አንጥረኛው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ሲናቁ የኖሩትም በዚያው ዘመን ነው።

ዕሪናም በበኩሉ አዋጅ ብቻ ሆኖ ሲቀር ምን እንደሚያደርስ ለማየት ወደ መንዝ ወጣ ማለት ይበቃል። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ ልብሱ ለጌሳ የሚሆን የደጋው ሀብት ነው፤ የአስቦና የጌራ ባለርስቶች አለቃ እየመረጡ፣ ሣሩን ሦስትም አምስትም ዓመት ከልለው ካሳደጉት በኋላ በአዋጅ ይከፍቱት ነበር። ከተፈቀደው ቀን አስቀድሞ ማንም ማጭዱን አያነሣም፤ ቀኑ ሲደርስ ግን መብት ያለው ሁሉ ይገባል። ይህ ሥርዐት ርስት የሌለውን ጐረቤት ከደጅ ያስቀር ነበርና፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ በታወጀ ጊዜ በደጅ የቀረው ሰው መግባቱ ርትዕ ነበር፤ ነገር ግን ከባለርስቱ መብት ጋር ጥበቃውም አብሮ ስለ ፈረሰ፣ ጓሳው ለሁሉም ተከፍቶ ለሁሉም ተመናመነ። የአካባቢው ሕዝብ ደግነቱ ይህን አይቶ ዝም አላለም፤ ቀድሞ የተከለከለውን ጐረቤት ጨምሮ አዲስ የጥበቃ ማኅበር አቆመ፣ ሣሩም ከነቀይ ቀበሮውና ከነጭላዳው ዛሬ አለ። እኩልነትን ከሥርዐት ጋር ማስታረቅ እንደሚቻል የሚያስረዳ ከዚህ የቀረበ ምስክር አላውቅም።

ውድድሩ ፍትሓዊ በሆነ ቀንም ቢሆን ግን አንድ ሕመም ይቀራል። እንግሊዛዊው የኅብረተሰብ ሊቅ ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሹመትና ሀብት ሁሉ በችሎታ ብቻ የሚከፋፈልበትን አገር በምናብ ሥሎ፣ በዚያ አገር ያሸነፈው ሁሉ ድሉ የራሱ ብቻ እንደ ሆነ ቈጥሮ እንደሚታበይ፣ የተሸነፈው ደግሞ የሚያሳብብበት እንኳ አጥቶ እንደሚዋረድ አስጠንቅቆ ነበር። ይህ ትንቢት በእኛ መንደር ደርሷል። በልጅነቱ ጐበዝ የተባለው ልጅ ነጥብ ስለ ጐደለው ብቻ ከጐረቤት ዓይን ሲሸሽ፣ እናቱ ቡና ጠርታ ስለ እርሱ ስትጠየቅ ወሬ ስትለውጥ እናያለን። የዩኒቨርሲቲ ወንበር በውድድር ይከፋፈል፤ ክብር ግን በወንበር ቍጥር ልክ የተሠፈረ አይደለም። በ1950ዎቹ ከተቋቋመው ከደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ጀምሮ በኢንዱስትሪ ፓርኩ እስካሉት ማሽኖች ድረስ የሚቆሙት እጆች፣ በጠራ ምድር ገብስ የሚያርሱት ክንዶች፣ ፈተናውን ካለፉት ጥቂቶች መካከል አይደሉም፤ ያለ እነርሱ ግን ያለፈው የሚበላው፣ የሚለብሰውም የለውም። ለእነዚህ የሙያ ትምህርት የተረፈ ወንበር ሳይሆን የተከበረ መንገድ ሆኖ ካልተሠራላቸው፣ ፈተናው ሰውን ከመመዘን አልፎ ሰውን መጣል ይሆናል።

እንግዲህ እኔ የምጠይቀው ነጥቡ እንዲቀንስ አይደለም፤ ተፈታኙ እንዲበዛ ነው። ልጁ በአንድ አዳራሽ እንደሚፈተን፣ ያስተማረው መንግሥትም በዚያው ውጤት ይፈተን። የየትምህርት ቤቱ ውጤት ሲነገር፣ ስንት ልጅ አለፈ ከሚለው ጐን፣ ትምህርት ቤቱ በዚያ ዓመት ስንት ቀን ተከፍቶ እንደ ዋለ፣ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ከየትኛው ወር ጀምሮ እንዳልነበረ፣ አንድ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ እንደ ደረሰ፣ ቤተ ሙከራው ውኃና መብራት እንዳለው ይጻፍ። ከገጠር መጥተው ለሚከራዩ ልጆች፣ ይልቁንም ለሴቶቹ፣ በየወረዳው ከተማ ማደሪያና አንድ ትኩስ ምግብ ማሰናዳት፣ ሕንፃ ከማስመረቅ የሚበልጥ ወጪ አይደለም፤ ሁሉንም ተማሪዎቻቸውን የሚያሳልፉት ጥቂት ትምህርት ቤቶች በአመዛኙ አዳሪ ትምህርት ቤቶች መሆናቸው ምን እንደሚሠራ በግልጽ ያሳያል። ዝርዝሩም በአንድ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር፣ ከውጤቱ ጋር በአንድ ወረቀት ታትሞ በየትምህርት ቤቱ በርና በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ፤ አንድም ልጅ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ያለበት ወረዳ አስተዳዳሪም፣ ወላጆች በተሰበሰቡበት ቆሞ እያንዳንዱን መስመር ያንብብላቸው።